ሩንገና በወረቀት ላይ የተሰራጨው ጠብታ

ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1794 በሐምቡርግ አጠገብ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ በመድኃኒት ቤት ሲሠራ የመርዛም ተክል ጭማቂ ወደ ዓይኑ ፈንጥቆ ብሌኑን አሰፋው። በ1819 ይህንኑ ውጤት በድመት ዓይን ላይ በየና ከተማ ለባለቅኔው ለጎተ ባሳየ ጊዜ፣ ጎተ ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጥቶ እንዲመረምረው አሳሰበው፤ ሩንገም ካፌይንን ለይቶ አወጣ። በወሎ ቤቶች ከአቦል እስከ በረካ እንግዳን የሚያነቃው ንጥረ ነገር ተነጥሎ የታየው እንዲህ ነበር።

ከብሬስላው መምህርነቱ በኋላ በኦራኒየንቡርግ የኬሚካል ፋብሪካ ተቀጠረ። በ1834 ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ አኒሊንንና ፌኖልን አገኘ። ከዚህ ሬንጅ ቀለም እንዲመረት ያቀረበውን ሐሳብ ግን አሠሪዎቹ አልተቀበሉትም። በ1856 የአሥራ ስምንት ዓመቱ ፐርኪን በለንደን ከአኒሊን ሐምራዊ ቀለም ሲሠራ፣ ሀብቱ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

ለሙያ ባልደረቦች ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የወረቀቱ ሥራ ነው። ሩንገ ቀለሞችን ለመፈተን በመምጠጫ ወረቀት ላይ ጠብታ ማኖር ልማዱ ነበር። ወረቀቱን በአንድ ጨው ውሃ ነክሮ ካደረቀ በኋላ ሌላ ሲያንጠባጥብበት፣ ለምሳሌ የብረት ጨውና ፖታሲየም ፌሮሲያናይድ ሲገናኙ፣ ሰማያዊ ክበብ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጠብታው ቅልቅል ከሆነ አንዱ ቀለም ከመሐል ይቀራል፤ ሌላው ወደ ዳር ይገሠግሣል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። መብራት ባልገባበት ዘመን በሐራ ቤቶች ያበራ የነበረው ኩራዝም በዚሁ ይሠራል፤ ጋዙ በጥጡ ፈትል ቃጫዎች መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች እየተሳበ ሽቅብ ይወጣል። በወረቀትም ላይ ውሃው በቃጫዎቹ መካከል ይሰራጫል፤ በውስጡ የሟሙት ነገሮች ግን ከቃጫው ጋር የሚጣበቁበት ኃይል ስለሚለያይ እኩል አይጓዙም። ሩንገ ይህን አላለም። በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ክበቦቹን የሚሠራው በቁስ ውስጥ ያለ የመቀረጽ ግፊት ነው ብሎ አስረዳ። ዓይኑ ትክክል አየ፤ ማብራሪያው ግን ሥራውን ከመለያ ዘዴነት ይልቅ ወደ ጌጥነት አዘነበለው። ፈሳሹ እጥፍ ርቀት ለመሄድ አራት እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድበት ዋሽበርን ያሳየው በ1921 ነው። አሚኖ አሲዶችን በወረቀት ላይ መለየት የተቻለው ደግሞ በ1944፣ ሩንገ ከሞተ ከ77 ዓመታት በኋላ ነው።

ፋብሪካው በ1852 በጡረታ አሰናበተው፤ በ1867 በድህነት ሞተ። በመጽሐፎቹ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች በማተሚያ የተባዙ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው በጠብታ ተሠርተው ተለጥፈዋል። ስለዚህ ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙት ቅጂዎች አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም አይመሳሰሉም።