በዓሉ ግርማ፦ መቃብር ያጣው ጋዜጠኛ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ አንድ ሰው ሕይወት ጥቂት ልንል ወደድን። ሰውየው የገረሴ ልጅ አይደለም፤ ነገሩ ግን እኛን ዕድርተኞችን ይመለከታል።

በዓሉ ግርማ በ1931 ዓ.ም. በኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወለደ። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ ነበሩ። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በዘነበወርቅ፣ ኋላም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶም አሜሪካ፣ ሚሺጋን ሄደና ጋዜጠኝነት አጥንቶ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ እንጀራው ብዕር ሆነ። በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በአዲስ ዘመንና በኢትዮጵያን ሄራልድ ሠራ። ጎን ለጎንም ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ከአድማስ ባሻገር ሲወጣ አንባቢ ሁሉ አወቀው።

አብዮቱ ፈንድቶ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። ይኸ እንግዲህ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለው ወንበር ነው። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄደ፤ የቅስቀሳው ሥራ በእሱ እጅ ነበር። ዘመቻው ናቅፋን ለመያዝ ታስቦ ሳይሳካ ቀረ። በዓሉም ያየውን በልብ ወለድ መልክ ጽፎ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን አወጣ። ሹማምንቱ ተቆጡ። መጽሐፉ ከየሱቁ ተለቀመ፤ ደራሲውም ከወንበሩ ተነሳ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም።

እኛ ሰው ሲሞትብን ጡሩንባ እናስነፋለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ሀብታም ድሃ ሳንል አፈር እናለብሳለን። ያን ያህል የተሾመ፣ ያን ያህል የታወቀ ሰው ግን ይህን አላገኘም። ቤተሰቡ ሞቷል ብሎ እንዳያለቅስ መርዶ የለ፤ ይመጣል ብሎ እንዳይጠብቅ ዓመቱ ረዘመ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፣ ባለሥልጣኖቹም ችሎት ቆሙ፤ የበዓሉ መቃብር ግን እስከ ዛሬ የት እንደሆነ አልታወቀም። ያኔ የተለቀመው ኦሮማይ ደግሞ ተመልሶ ታትሞ፣ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛም ወጥቶ ይነበባል።

ታዲያ የወር መዋጮው የከበደን፣ ቀብር መውጣቱ የሰለቸን ዕለት ይህን ሰው እናስብ። ሬሳውን አግኝቶ፣ አልቅሶ መቅበር ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ለማንም ሊከለከል አይገባም።

ነፍሱን ይማር።