ከሸዋ በር እስከ ቁልቢ፦ ራስ መኰንንና ያልተረሳው ስእለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጥንታዊው የሐረር ግንብ በጁገል ካሉት በሮች አንዱ ሸዋ በር ይባላል፤ ሐረሪዎች በቋንቋቸው አስመዲን በሪ ይሉታል። ስሙ እንደሚናገረው ወደ ሸዋ የሚሄድ መንገደኛ መውጫ ነው። በአዘቦት ቀን በደጁ ገበያተኛው ይተራመሳል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ጧፍና ጃንጥላ የያዙ ምእመናን በዚያ በኩል ይበዛሉ፤ መንገዳቸው ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ነው። እኛም በየዓመቱ ከመካከላቸው አለን። በመንገድ ላይ የምንጫወተው ዘንድሮ ስለምንለምነው ነገር ነው። አምና ለምነን ስለተቀበልነው የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አናገኝም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ታኅሣሥ 19 ቀን እግር መጣያ ጠፍቶ የነበረው ሕዝብ ከሁለት ቀን በኋላ በየአጥቢያው የኪዳን ጸሎት ላይ አይገኝም። ካህናቱና ጥቂት አረጋውያን እናቶች ብቻ ይቆማሉ። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ማለዳ እኛም ተኝተን ነበርና። አባቶች ይህን ሕመም ሃኬት ይሉታል። ሃኬት ጸሎትን መካድ አይደለም። የተጠየቀው ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍ ነው።

በዚሁ መንገድ ከተሳሉት ሁሉ ስእለታቸው በስፋት የሚነገርላቸው ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። ሕይወታቸውን ዛሬ የምናነሣው ስለ ጀግንነታቸው አይደለም፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳን ጋር አልቈጠረቻቸውምና ገድል አንጽፍም። የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጭንቅ ቀን የጸለዩትን በድል ቀን እንዴት እንዳልረሱት።

ራስ መኰንን በግንቦት ወር 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደረፎ ማርያም ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል፣ እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅ ነበሩ። በዚህም ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ወደ ምኒልክ ቤት ገብተው በዚያ አደጉ፤ የንጉሡንም ፍጹም አመኔታ አገኙ።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ካደረጉ በኋላ ከተማዪቱን ለመኰንን ሰጡ። በዚያ ሜዳ ብዙ ደም ፈስሷል፤ በከተማው ውስጥ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር የምንኖር እኛ ይህን ዘለን ልናልፈው አንችልም። ሐረር የእስልምና ትምህርት የቆየባት ከተማ ናት፤ አዲሱ ገዢ ደግሞ ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሰው ነበሩ። በዘመናቸው በፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። የቅዱስ ሚካኤልንም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ከዚያ በኋላ ክብር በክብር ላይ ተደረበላቸው። በ1881 ዓ.ም. የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተጓዙ፤ ሲመለሱም የራስነት ማዕረግ ተቀበሉ። ቤታቸው ግን ሐዘን አላጣውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ ከወለዷቸው ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሰው ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ተፈሪ ብቻ ነው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. እናቱ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። የሰው ልብ እንዲህ ባለ ጊዜ ወይ ወደ እግዚአብሔር ይጠጋል፣ ወይ ይደነድናል።

የኢጣልያ ጦር ወደ መሀል አገር ሲገፋና የክተት ዐዋጅ ሲታወጅ ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው ተነሡ። የሸዋ መንገድ ከሐረር ወጥቶ በሐረማያ በኩል ወደ ቁልቢ ከፍታ ይወስዳል። በትውፊት እንደሚነገረው ራስ በቁልቢ ሲያልፉ በቅዱስ ገብርኤል ስም ተሳሉ፤ በድል ከተመለስሁ ቤተ ክርስቲያንህን አሠራለሁ ብለው ቃል ገቡ። እዚህ ላይ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወደ ጦርነት የሚሄድ ሰው ይሳላል፤ ወደ ፈተና የሚገባ ተማሪም፣ በሐኪም ደጅ የተቀመጠች እናትም ይሳላሉ። ጭንቅ ለሁላችንም ጸሎትን ያስተምረናል፤ ለዚህ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

ጸሎታቸውም ተሰማ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ በማጆር ቶሴሊ የሚመራውን የኢጣልያ ጦር ድል አደረጉ። ቀጥሎ በመቀሌ የተመሸገው የጠላት ጦር ውኃው ተይዞበት ምሽጉን ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የዓድዋ ድል ሆነ። የራስ መኰንንም ስም በአውሮፓ ሳይቀር ተሰማ።

እንግዲህ የምንፈራው ቦታ ይህ ነው። ከድል በኋላ ስእለትን ለማቆየት የሚያስፈልገው ሰበብ ትንሽ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ በቂ ሰበብ ነበራቸው። አስተዳደር አለ፤ ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር ድርድር አለ፤ ጅቡቲን ከአገራችን የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ጉዳይም በግዛታቸው በኩል የሚያልፍ ነው። ለቁልቢው መልአክ ሌላ ጊዜ ይደርሳል ማለት ይችሉ ነበር። እኛ በጥቂቱ ጉዳያችን እንኳ እንዲህ እንላለን፤ የሥራ ቅጥሩ ሲሳካ ሥራው ራሱ ከቅዳሴ ያስቀረናል፤ የለመንነው ልጅ ሲወለድ ልጁ ምክንያት ይሆነናል። የተሰጠን ስጦታ ሰጪውን ይሸፍንብናል።

ራስ መኰንን ግን ወደ ቁልቢ ተመልሰው ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ። በእርግጥ የአገር ገዢ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱ ብቻውን ብዙ አያስደንቅም፤ ገንዘቡም የሠራተኛውም ጉልበት በእጁ ነውና፤ ድንጋይ የተሸከሙትን ሰዎች ስም ማንም አልጻፈልንም። እኛን የሚነካን መመለሳቸው ነው። ጌታችን ከለምጽ ካነጻቸው ከዐሥሩ ሰዎች አመስግኖ የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ አልተባለም። ሲለምኑ በርቀት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ ከነጹ በኋላ ግን ድምፃቸው አልተሰማም። በዐሥሩ መካከል የነበረው ልዩነት ከልመናው በፊት አይታይም።

ለምጽን ካነሣን፣ በራስ መኰንን የአስተዳደር ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901፣ በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ተከፍቶ ነበር፤ የሠሩት የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ናቸው። ከማኅበር የተገለሉ ሕሙማንን የሚቀበል ቤት በግዛታቸው መኖሩን ራስ ወደዱ እንጂ አልከለከሉም። ልጃቸውንም ለብቻው አላሳደጉትም፤ ከውጭው ትምህርት ጋር በአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን እጅ እንዲማር አደረጉ። እኚህ መምህር ለተፈሪ ምን ያህል እንደ ጠቀሙ ልጁ ካደገ በኋላ ራሱ መስክሯል።

በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተላኩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ወጡ። ቡርቃ ሲደርሱ ታመሙ። ሕመሙ ስለ ጸናባቸው ጉዞው ቀርቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ስእለታቸውን ከከፈሉ በኋላ ተረስተው የማይረሱት ያ ቦታ ማረፊያቸው ሆነ።

ሕመማቸው ሳምንታት ቆየ፤ ዐቢይ ጾምም ገባ። ለአጼ ምኒልክ ደብዳቤ ልከው ልጃቸውን አደራ ሰጡ። የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ደጃዝማች ተፈሪ በአጠገባቸው ነበር። በእነዚያ ቀናት በአልጋቸው ላይ ሆነው ምን እንደ ጸለዩ የሚነግረን የለም። ልመና ይሆን ምስጋና እኛም አንገምትም። ነገር ግን ከሁለት አንዱን ለመጸለይ ቅዱስ ገብርኤልን አዲስ መተዋወቅ አላስፈለጋቸውም።

በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም.፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ በቁልቢ ዐረፉ። አስከሬናቸው በመጡበት መንገድ ወደ ሐረር ተመልሶ እርሳቸው ባሠሩት በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የቁልቢውን ቤተ ክርስቲያን በኋላ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስፍተው እንደ ገና አሠሩት፤ ዛሬ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ሕዝበ ክርስቲያኑ የሚሰበሰበው በዚያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።