ሴንግቤ ፒዬ፤ ሆሴ ተብሎ የተሸጠው ገበሬ

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1997 የሰራውን አሚስታድ የተሰኘ ፊልም ያየ ሰው፣ በሌሊት ማዕበል መሀል ጣቶቹ እየደሙ ከእንጨት ላይ ሚስማር የሚነቅለውን እስረኛ አይረሳውም። ፊልሙን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ እኔን እረፍት የነሳኝ ግን ያ ትዕይንት ሳይሆን የፍርዱ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ነፃ የወጡት በምን ምክንያት ነው? መልሱን ለማግኘት የእስረኛውን ሕይወት ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሴንግቤ ፒዬ በ1814 ገደማ ዛሬ ሴራሊዮን በምትባለው አገር፣ ከሜንዴ ሕዝብ ተወለደ። ሩዝ የሚያመርት ገበሬ፣ ባለትዳርና የሶስት ልጆች አባት ነበር። በ1839 መጀመሪያ ላይ በመንገድ ሲሄድ አራት ሰዎች ያዙትና ቀኝ እጁን ከአንገቱ ጋር አስረው ወሰዱት። ሎምቦኮ ከሚባለው የባሪያ ገበያም በመርከብ ተጭኖ ሀቫና ደረሰ።

በጊዜው ስፔን ከአፍሪካ አዲስ ባሪያ ማስገባትን ከከለከለች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነበር። ኩባ ውስጥ ባርነት ግን ሕጋዊ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቹ አዲስ የመጡትን ሰዎች በሐሰተኛ ሰነድ ኩባ ውስጥ ቆይተው የኖሩ ባሮች ያስመስሏቸዋል። ሴንግቤም ሆሴ ሲንኬ የሚል የስፔን ስም ተሰጥቶት ከሌሎች 48 ሰዎች ጋር ለአንድ ገዢ ተሸጠ። ሌላው ገዢ አራት ሕፃናት ገዛ። ሰኔ 28 ቀን 53ቱም አሚስታድ በምትባል መርከብ ከሀቫና ወጡ።

ጥቂት ቀናት እንደተጓዙ የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ ታርደው እንደሚበሉ በምልክት ነገራቸው። ያን ሌሊት ሴንግቤ ሰንሰለቱን ፈትቶ ጓደኞቹን አስነሳ። ካፒቴኑና ወጥ ቤቱ ተገደሉ፤ ሁለቱ ገዢዎች ግን መርከቧን ወደ አፍሪካ እንዲመሩ በሕይወት ተተዉ። እነሱም ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ እየቀዘፉ፣ ሌሊት ሌሊት አቅጣጫ እየለወጡ ሁለት ወር ያህል አንከራተቷቸው። በመጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነሐሴ 26 ቀን ሎንግ አይላንድ አጠገብ ያዛቸውና ባርነት ገና ፈጽሞ ወዳልተከለከለባት ኮነቲከት ተወሰዱ።

እስር ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን የሚሰማ አልነበረም። የየል ኮሌጅ መምህር ጆሳያ ጊብስ ከእስረኞቹ እስከ አስር መቁጠር ተማረና በኒውዮርክ ወደብ ላይ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ እየጠራ ዞረ። በዚህ መንገድ ጄምስ ኮቪ የሚባል ሜንዴ ተወላጅ መርከበኛ ተገኘ። ሴንግቤ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ በገዛ ቋንቋው ለፍርድ ቤት የተናገረው በእሱ አስተርጓሚነት ነው። በጥር 1840 ዳኛው በነፃነት የተወለዱ ሰዎች መሆናቸውን አረጋገጠ። የፕሬዚዳንት ቫን ቡረን መንግሥት ግን ይግባኝ አለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የ73 ዓመቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተከራከረላቸው። ፊልሙ ሴንግቤን በችሎቱ መሀል ያስቀምጠዋል። በእውነቱ ግን እሱ ኮነቲከት ውስጥ እስረኛ ሆኖ ውጤቱን ይጠብቅ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 1841 ፍርድ ቤቱ ነፃ ናቸው አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፍርዱ ባርነትን አልነካም። የተመረመረው እነዚህ ሰዎች በሕግ ባሪያ ናቸው ወይ የሚለው እንጂ፣ ሰው በሕግ ባሪያ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው አልነበረም። የካፒቴኑ አሽከር የነበረው አንቶኒዮ የተባለ ልጅ ለዚህ ምስክር ነው። እሱ ሕጋዊ ባሪያ ነው ተብሎ ለካፒቴኑ ወራሾች እንዲመለስ ተወሰነበት፤ የዳነው የባርነት ተቃዋሚዎች ወደ ካናዳ ስላሸሹት ነው። ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ፕሬዚዳንቱ በሮጀር ቴኒ ዘመን፣ በ1857 ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ።

ሴንግቤና ጓደኞቹ ነፃ ቢባሉም ፍርዱ መሳፈሪያ አልሰጣቸውም። በየከተማው ታሪካቸውን እየተናገሩ ገንዘብ ተሰበሰበላቸውና በኅዳር 1841 በሕይወት የቀሩት 35 ሰዎች ጉዞ ጀመሩ። በጥር 1842 ሴራሊዮን ገቡ።

ሴንግቤ መንደሩን በጦርነት ፈርሶ አገኘው። ሚስቱና ልጆቹ አልነበሩም። ሕይወቱ በ1879 ገደማ እንዳለፈ ይነገራል። አገሩ ምስሉን በገንዘቧ ላይ አትማለች። ፊልሙን ባየሁ ቁጥር በድሉ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው ነፃ ለመውጣት የግድ ባሪያ አለመሆኑን ማስረዳት የነበረበት ሕግ ግን አሁንም ያስፈራኛል። ማስረዳት ላልቻለው አንቶኒዮ ማን ሊቆምለት ነበር?