ጃክ ኮኸን፦ ዘመን የሠራው፣ ዘመን የቀደመው ነጋዴ

ስለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። በስንት ብር ጀመርክ፣ እንዴት እዚህ ደረስክ ይባላል። ባለቤቱም ስለ ትጋቱ ያወራል፣ ጋዜጠኛውም ያንኑ ይዞ ይወጣል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ከሱቁ ደጅ ውጪ ያለው ነገርስ? ጦርነቱ፣ ሕጉ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የደንበኛው ልማድ? እነዚህን ባለሱቁ አያዛቸውም። እነሱ ግን ወይ ያነሡታል፣ ወይ ይጥሉታል። ይህን ለማየት የእንግሊዙን የቴስኮ ሱፐርማርኬት መሥራች የሰር ጃክ ኮኸንን ሕይወት መርጫለሁ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጃክ ኮኸን በ1898 በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ድኻና ስደተኛ በሚበዛበት ሠፈር ተወለደ። አባቱ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጁም ትምህርቱን ትቶ በ14 ዓመቱ ከአባቱ ዘንድ መርፌና ክር ያዘ። ነገሩ በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ጃክ ምናልባት ስሙን ማንም የማያውቀው ልብስ ሰፊ ሆኖ ያረጅ ነበር። ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ።

በ1917 የእንግሊዝን የአየር ጓድ ተቀላቀለ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን በሸራ ይለበጥ ስለነበር የልብስ ሰፊ ልጅ እዚያም ሥራ አላጣም። ወደ ግብፅና ፍልስጥኤም ተልኮ አገለገለ፤ በጉዞው ላይ የተሳፈረበት መርከብ እስክንድርያ አጠገብ ፈንጂ መትቶት ሲሰጥም ከሞት ተርፏል። በ1919 ከጦሩ ሲሰናበት በእጁ የነበረው 30 ፓውንድ የመሰናበቻ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው የውጭ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ጦርነቱ ሲያበቃ ለወታደር የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ተርፎ ነበር። ጃክ በ30 ፓውንዱ ከዚያ ትርፍ ዕቃ ገዛና ሃክኒ በሚባለው ሠፈር ዌል ስትሪት ገበያ ላይ ዘረጋ። በመጀመሪያው ቀን 4 ፓውንድ ሸጦ 1 ፓውንድ አተረፈ። ያው እኛም አገር እንደምናየው ጉሊት ማለት ነው፤ ጮክ ብሎ መጥራት፣ ከደንበኛ ጋር መቀላለድ፣ ዕቃውን ቆልሎ በርካሽ መሸጥ። ይህቺ ቆልሎ በርካሽ የመሸጥ ዘዴ እስከ ዕድሜው መጨረሻ መመሪያው ሆና ቀረች። ትጉህ ነበር፣ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ርካሹን ዕቃ ያመጣለት ጦርነቱ ነበር።

በ1924 ሁለት ነገሮች ሆኑለት። አንደኛ፣ ሳራ ፎክስ የምትባል ወጣት አገባ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሻይ አቅራቢ ብዙ ሻይ በጅምላ ገዛና በራሱ ስም ማሸግ ፈለገ። አቅራቢው ቲ. ኢ. ስቶክዌል ይባል ነበር። ከእሱ ስም መነሻ ፊደሎች “ቴስ”፣ ከኮኸን ደግሞ “ኮ” ተወሰደና ቴስኮ የሚለው ስም ተፈጠረ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስም መጀመሪያ የሻይ ፓኬት ላይ የተጻፈ ነው።

ጃክ ወደ 1930ዎቹ መግቢያ ላይ ቴስኮ የሚል ስም ያለው ሱቅ የከፈተው በርንት ኦክ በተባለ የለንደን ዳርቻ ነው። ለምን እዚያ? መሐል ከተማ ውስጥ ቦታው በሙሉ በትላልቆቹ ነጋዴዎች ተይዟል። በርንት ኦክ ግን በ1924 የባቡር ጣቢያ ተከፍቶለታል፤ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤትም እዚያ ለሠራተኛ ቤተሰቦች ሰፊ የመኖሪያ መንደር ሠርቷል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ገብቷል፣ ሱቅ ግን ገና አልበቃም። ጃክ ይህን አየ። ባቡሩንም ቤቱንም የሠራው እሱ አይደለም፤ የእሱ ድርሻ ከሌሎቹ ቀድሞ መድረስ ነበር። በዚህ መንገድ አዳዲስ መንደሮችን እየተከተለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀመረበት በ1939 ከ100 በላይ ሱቆች ነበሩት።

ሁለተኛው ጦርነት ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነለትም። ከ1940 ጀምሮ እንግሊዝ ምግብ በራሽን ሆነ፤ ራሽኑም እስከ 1954 ቆየ። ደንበኛው ራሽኑን ከየትኛው ሱቅ እንደሚወስድ ይመዘገባል። ዋጋውም መጠኑም ከላይ ይወሰናል። ታዲያ በርካሽ እየሸጠ ደንበኛ መሳብን ለለመደ ሰው ከዚህ የባሰ ምን አለ? ያለ የሌለ ችሎታው 14 ዓመት ሙሉ እጁ ታሰረ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከጦርነቱ በፊት አሜሪካ ሄዶ ደንበኛው ራሱ ዕቃውን ከመደርደሪያ አንሥቶ ወጪው በር ላይ የሚከፍልበትን ሱቅ አይቶ ነበር። በ1940ዎቹ ማብቂያ ሴንት ኦልባንስ ከተማ ውስጥ ይህን ሞከረው። ኩባንያውንም በ1947 ወደ አክሲዮን ገበያ አስገባ። ራሽኑ ሲነሣ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ሰው እጁ ላይ ገንዘብ አለ፣ ለዓመታት ያጣውን ዕቃ መግዛት ይፈልጋል። በ1956 ማልደን በተባለች ከተማ የድሮ ሲኒማ ቤት ወደ ሱፐርማርኬት ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ሌሎችን መግዛት መጣ፤ በ1957 የዊሊያምሰን 70 ሱቆች፣ በ1959 የሃሮው 200 ሱቆች፣ በ1960 የኧርዊን 212 ሱቆች ወደ ቴስኮ ተጠቃለሉ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ፤ ይኸውም ሕግ ነው። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዕቃ በችርቻሮ ስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው አምራቹ ነበር። ባለሱቅ ከዚያ ዋጋ ቀንሶ ቢሸጥ አምራቹ ዕቃ ይከለክለዋል፣ ሊከሰውም ይችላል። ጃክ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በ1963 ደግሞ ሌላ መንገድ አገኘ። ግሪን ሺልድ የሚባል ቴምብር ነበር፤ ደንበኛው በገዛው ልክ ቴምብር ይሰጠዋል፣ ደብተር ላይ እየለጠፈ ሲሞላ በዕቃ ይቀይረዋል። ዋጋ መቀነስ ሲከለከል በቴምብር መቀነስ ማለት ነው። የሴንስበሪ ሱፐርማርኬት ባለቤት ሎርድ ሴንስበሪ ቴምብሩን በይፋ ቢቃወሙም ሸማቹ ግን ወደደው።

በ1964 ሕጉ ተለወጠ። በሚኒስትሩ በኤድዋርድ ሂዝ ግፊት ፓርላማው አምራቾች ዋጋ የመወሰን መብታቸውን የሚያነሣ አዋጅ አጸደቀ። የገዛ ፓርቲያቸው አባላት ሳይቀሩ አምፀው ነበር። ምክንያቱም የድሮው አሠራር ትንንሾቹን ባለሱቆች ከትልልቆቹ ይከላከልላቸው ነበር፤ ዋጋው አንድ ከሆነ ሰው ቅርቡ ካለው ሱቅ ይገዛል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን በብዛት የሚገዛው ቴስኮ በርካሽ መሸጥ ቻለ። የመንደሩ ባለሱቅ ግን አልቻለም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ የመንደር ባለሱቅ ሰነፍ ነበር? ማለዳ ተነሥቶ ማታ የሚዘጋ፣ እንደ ጃክ ሁሉ ከትንሽ የጀመረ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱን ከፍ ያደረገው አዋጅ ሌላውን ጣለው። የጃክን ታሪክ የትጋት ውጤት ብቻ አድርገን ከጻፍነው፣ ሱቁን የዘጋውን ሰው ሳናውቀው ሰነፍ እያልነው ነው። እኔ በግሌ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ጃክ በ1969 ሰር የሚል ማዕረግ አገኘ፤ በ1970 ከሊቀመንበርነት ወርዶ የኩባንያው የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ። በቦርዱ ላይ ግን ድምፁ አልጠፋም። ይህ በእንዲህ እንዳለ ውጪው እንደገና ተለወጠ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ናረ። በ1974 መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል ለመቆጠብ ፋብሪካዎች በሳምንት 3 ቀን ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። በ1975 የዋጋ ንረቱ ከ24 በመቶ በላይ ደረሰ። ብዙ ቤተሰብም መኪናና ማቀዝቀዣ ስለያዘ በየቀኑ ከትንሽ ሱቅ ከመግዛት ይልቅ አንድ ጊዜ ከትልቅ ሱቅ መሸመትን መረጠ። የቴስኮ ሱቆች ደግሞ አብዛኞቹ ትንንሽና ያረጁ ነበሩ።

ቴምብሩስ? ዋጋ መቀነስ ከተፈቀደ 13 ዓመት ሆኖታል። ኑሮ የከበደው ሸማች የሚፈልገው ዛሬ ኪሱ ውስጥ የሚቀር ሳንቲም ነው፤ ደብተር እስኪሞላ የሚጠብቅ አይደለም። ኢያን ማክሎሪን የተባለው ወጣት ዋና ሥራ አስኪያጅ ቴምብሩ ይቅር፣ ገንዘቡ ለዋጋ ቅናሽ ይዋል አለ። ሰር ጃክ በጽኑ ተቃወመ። ነገሩ በቦርዱ ውስጥ በጠባብ ልዩነት አለፈና በ1977 ቴምብሩ ቀረ፣ ዋጋም ወረደ። ሕዝቡ ሱቆቹን አጥለቀለቀ። የኩባንያው የገበያ ድርሻ ከ8 በመቶ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 12 በመቶ ከፍ አለ። ሽማግሌው መሥራች ተሸነፈ፣ የመሠረተው ኩባንያ ግን ዳነ። የሚገርመው ያዳነው ዘዴ የራሱ የድሮው የዌል ስትሪት ዘዴ መሆኑ ነው፤ ቆልሎ በርካሽ መሸጥ። ሰር ጃክ በመጋቢት 1979 በ80 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ ሕይወት እኔ የያዝኩት ነገር ይህ ነው። ጃክ ኮኸን ብልህ ነበር፤ ብልህነቱ ግን የውጭውን ዓለም በመለወጥ ሳይሆን ቀድሞ በማየት ነበር። የተረፈውን የጦር ምግብ፣ አዲሱን መንደር፣ የሚለወጠውን ሕግ አየ። አንድ ጊዜ ማየት ሲያቅተው ደግሞ ስሙም ማዕረጉም አላዳኑትም። እኛም ነገ በሥራ ላይ ሆነን ስለ አንድ ሱፐርማርኬት ስንዘግብ ባለቤቱን ምን ሠራህ ብለን ከጠየቅን በኋላ ሁለት ነገር እንጨምር፦ በዚያን ጊዜ ውጪው ምን ይመስል ነበር? ያው የውጭ ነገር ማንን ጣለ? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ከተዘጉት ሱቆች ነውና ወደዚያም እግራችንን እናንሣ።