ሰር ማክፋርሌን በርኔትና ራሱን የሚወጋው ደም



ወደ ጅጅጋ የግመል ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እረኛ ግመሉን ከብዙ ግመሎች መካከል በቆዳው ላይ በተተኮሰው ምልክት ይለየዋል። የራሱን ከባዕድ ለይቶ የማያውቅ እረኛ ወይ የሰው ከብት ይነዳል፤ ወይ የገዛ ከብቱን ያባርራል። የሰው አካልም እንዲሁ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳታችን ባዕድ የሆነውን ተሕዋስያን ሲወጉ የገዛ አካላችንን ግን ይተዋሉ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለው ከጠየቁት ሊቃውንት አንዱ ሰር ማክፋርሌን በርኔት ነበሩ። ዛሬ የእኚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በርኔት በ1899 በአውስትራሊያ፣ ትራራልገን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከስኮትላንድ የመጡ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ዐይን አፋር ስለ ነበሩ ጢንዚዛ መሰብሰብ ትልቁ ደስታቸው ነበር። በ1922 ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በለንደንም ትምህርታቸውን ከቀጠሉ በኋላ ወደ ሜልበርን ተመልሰው በዋልተርና ኤሊዛ ሆል የምርምር ተቋም ሥራቸውን ያዙ። በ1944 የአሜሪካው ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር ቢያቀርብላቸው አልቀበልም ብለው በአገራቸው ቀሩ፤ በዚያው ዓመትም የተቋሙ ዲሬክተር ሆነው እስከ 1965 ድረስ መሩት።

መጀመሪያ ብዙ የደከሙት በቫይረስ ጥናት ነበር። የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ ጫጩት በያዘ የዶሮ እንቁላል ውስጥ እያሳደጉ ይመረምሩ ነበር። በ1951 ጥንቸሎችን ለማጥፋት የተለቀቀው ቫይረስ ሰውንም ይጐዳል የሚል ወሬ ሕዝቡን ባስጨነቀ ጊዜ፣ እርሳቸውና ሁለት ባልንጀሮቻቸው፣ ፍራንክ ፌነርና ኢያን ክሉኒስ ሮስ፣ ያንኑ ቫይረስ በገዛ አካላቸው ተወጉት። ከሦስቱ አንዳቸውም አልታመሙም።

በ1957 ግን ስማቸውን ለዘለዓለም ያቆመላቸውን አሳብ ጻፉ። ይኸውም እያንዳንዱ ነጭ የደም ሕዋስ ከመጀመሪያው አንድን ባዕድ ነገር ብቻ ለመለየት ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ያ ባዕድ በመጣ ጊዜ የሚስማማው ሕዋስ ይመረጥና ይራባል፤ የገዛ አካሉን የሚወጋው ሕዋስ ደግሞ ገና ከጅምሩ ይጠፋል የሚል ነበር። በ1960 አካል የራሱን እንዴት እንደሚታገሥ በማስረዳታቸው ከእንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እንግዲህ መጥፋት የነበረበት ሕዋስ ሳይጠፋ ቢቀር ምን ይሆናል? መልሱ ከኒውዚላንድ መጣ። በደኒደን ከተማ ማሪያን ቢልሾቭስኪ የምትባል ተመራማሪ ጥቁር የአይጥ ዘር አራብታ ነበር። እነዚህ አይጦች ካደጉ በኋላ፣ ተላላፊ በሽታ ሳይነካቸው፣ የገዛ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን እያጠፉ በደም ማነስ ይታመሙ እንደ ነበር በ1959 ተገለጸ። በርኔት አይጦቹን ወደ ሜልበርን አስመጥተው ከማርጋሬት ሆምስ ጋር ሲመረምሩ፣ በታይመስ ውስጥ በጤነኛ አይጥ የማይታይ የሕዋሳት ክምችት አገኙ። ታይመስ ከደረት አጥንት በስተጀርባ፣ ከልብ በላይ የምትገኝ፣ በሕፃንነት ትልቅ ሆና ዕድሜ ሲገፋ የምትሟሽሽ ዕጢ ናት። በ1961 ዣክ ሚለር በለንደን ይህች ዕጢ እንደ ተወለዱ የወጣችባቸው አይጦች በሽታን መከላከል እንደሚሳናቸው አሳይቶ ነበር። ስለዚህ በርኔት የጥፋተኞቹ ሕዋሳት መፈልፈያ ታይመስ ትሆናለች ብለው አሰቡ።

አሳቡ እውነት ከሆነ፣ ታይመስን በሕፃንነታቸው ቢያወጡባቸው አይጦቹ መዳን ነበረባቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ሞከሩት፤ አይጦቹ ግን አልዳኑም። በኋላ እንደ ታወቀው፣ ታይመስ ቲ የሚባሉት ሕዋሳት የሚማሩባትና ራሳቸውን የሚወጉት የሚወገዱባት ስፍራ ናት፤ በቀይ ደም ላይ የሚዘምተውን አንቲቦዲ የሚሠሩት ቢ ሕዋሳት ግን በአጥንት መቅኒ ውስጥ ይፈጠራሉ። ከበርኔት አሳብ የሕዋሳት ምርጫ ጸንቶ ሲኖር፣ በታይመስ ላይ ብቻ የተጣለው ጥፋት ወደቀ።

ታላቁ ሰው በሌላም ነገር ተሳስተዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ የኅብረተሰብ ዋና ችግር መሆኑ ያበቃ መስሏቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ፈንጣጣ በአገራችን ገና ሰው ይገድል ነበር። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በ1976 የተገኘው ዛሬ በሶማሌ ክልል ባለው በኤል ከሬ ነው። በ1977 ጅጅጋን ያዳረሰው ጦርነትም የበሽታውን ፍለጋ አሰናክሎ ነበር። ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን ያረጋገጠው ጉባኤ ሊቀ መንበር ደግሞ ያው የበርኔት ባልንጀራ ፍራንክ ፌነር ነበሩ።

በርኔት በነሐሴ ወር 1985 በካንሰር ሕመም ዐረፉ።

እኛ በጅጅጋ የምንማር ወጣቶች ከዚህ ሕይወት ምን እንውሰድ? ትልቁ ጥያቄ የግድ ከትልቁ ከተማ አይመጣም፤ አይጦቹ የተገኙት በደኒደን፣ ምርመራው የተደረገው በሜልበርን ነበር። ስለዚህ ወደ ውጭ ሳንሄድ ምንም አንሠራም የሚለውን የዶርሚታሪ ወሬያችንን እንተው። ደግሞም የመምህራችንን አሳብ ለፈተና ብቻ ከምንሸመድደው ይልቅ፣ እውነት ቢሆን ምን መታየት አለበት ብለን እንጠይቅ። የተከበረውን አሳብ የፈተኑት እነዚያ ጥቁር አይጦች ነበሩ፤ በርኔትም በዚህ ምክንያት ክብራቸው አልጐደለባቸውም።