የአንድ ምሽትን ውበት በብዕሩ ያስቀረው ቴኦፊል ጎቲዬ

ቅኔ ይጻፋል፤ ዜማ በምልክት ይሰፍራል፤ ሥዕልም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዘመን ይሻገራል። ዳንስ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል። የፊልም መቅረጫ ባልነበረበት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በመድረክ ላይ የታየ ዳንስ ዕድሜው ያችው አንዲት ምሽት ነበረች። ያን የአንድ ምሽት ውበት በቃላት ይዞ ለማስቀረት ከሠላሳ ዓመታት በላይ የደከመ አንድ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር፤ ስሙም ቴኦፊል ጎቲዬ ይባላል።

ጎቲዬ እ.አ.አ ኦገስት 30 ቀን 1811 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ታርብ ከተማ ተወለደ። ገና ሕጻን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ተዛወረ። የወጣትነት ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበርና በአንድ ሠዓሊ ዘንድ ትምህርት ጀመረ። ዳሩ ግን ዓይኑ ከሩቅ አጥርቶ የማያይ መሆኑን የተረዳው እዚያው ቀለምና ሸራ ፊት በቆመ ጊዜ ነው። ብሩሹን ትቶ ብዕር አነሳ። ቢሆንም የሠዓሊነት ጠባዩ አልተወውም፤ ቀለምንና ቅርጽን እያየ መጻፍ የዕድሜ ልክ ልማዱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ኪነ ጥበብ ውስጥ ሮማንቲክ የተሰኘ የወጣቶች ንቅናቄ ተነሥቶ ነበር። ወጣቶቹ የጥንቱን ጥብቅ ሕግ ወደ ጎን ብለው ስሜትን፣ ምናብን፣ ተፈጥሮንና የመናፍስትን ዓለም ከፍ ከፍ አደረጉ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1830 የቪክቶር ሁጎ ተውኔት "ኤርናኒ" ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ደጋፊና ተቃዋሚ በአዳራሹ ውስጥ ተፋጠጠ። የ18 ዓመቱ ጎቲዬ ደማቅ ቀይ ሰደርያ ለብሶ ከደጋፊዎቹ ፊት ተሰለፈ። ያ ሰደርያ ጎቲዬ እስኪሞት ድረስ ከስሙ ጋር አብሮ ሲነሣ ኖሯል።

በዚያው ዓመት ጁላይ ወር የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን ሲያሳትም ፓሪስ በአብዮት ተናወጠች። የጎዳና ተኩስ እየተሰማ ግጥም የሚገዛ አልተገኘም። አብዮቱ የአባቱንም ሀብት አሳጣው። ስለዚህ ጎቲዬ በብዕሩ እንጀራ መብላት ግድ ሆነበት። በ1836 "ላ ፕሬስ" ለተባለው አዲስ ዕለታዊ ጋዜጣ መጻፍ ጀመረ። በየሳምንቱ ቴአትር ቤት እየገባ ያየውን ለአንባቢ ማቅረብ ሥራው ሆነ። ከባሌት ጋር ያቆራኘውም ይኸው ሥራ ነው።

ባሌት ታሪክን ያለ ንግግር፣ በሙዚቃና በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ የሚተርክ የመድረክ ዳንስ ነው። የሮማንቲኩ ዘመን ባሌት በር የተከፈተው በማርች 12 ቀን 1832 በፓሪስ ኦፔራ በታየው "ላ ሲልፊድ" ነበር። በስኮትላንድ ገጠር የሚኖር አንድ ወጣት በሠርጉ ዕለት ክንፍ ያላት የጫካ መንፈስ ታየችው፤ ሙሽራውን ጥሎም ተከተላት። ይዞ ሊያስቀራት በሞከረ ጊዜ ግን ክንፎቿ ረግፈው ሞተች። ይህችን መንፈስ ሆና የቀረበችው ማሪ ታሊዮኒ ነበረች። አባቷ ፊሊፖ በቀን እስከ ስድስት ሰዓት ያለማምዳት ነበር። እንደ ዛሬው ጫፉ የጠነከረ ጫማ አልነበረም፤ ጫፉ በክር የተጠለፈ ስስ የሐር ጫማ ተጫምታ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ትቆም ነበር። ነጭ ስስ ቀሚሷና የጋዙ መብራት ሲዋሐዱ ተመልካቹ ምድር የማትነካ ፍጥረት ያየ መሰለው።

ከታሊዮኒ ጋር የምትፎካከረው የቪየናዋ ፋኒ ኤልስለር ነበረች። እርሷ በ1836 "ካቹቻ" የተሰኘውን የስፔን ዳንስ የእጅ ማጨብጨቢያ ይዛ ስትጫወት ፓሪስ ለሁለት ተከፈለች። ጎቲዬ የታሊዮኒን ንጹሕ መንፈሳዊነት አልካደም፤ ልቡ ግን ወደ ኤልስለር አዘነበለ። ታሊዮኒን ከሰማይ ጋር፣ ኤልስለርን ከምድር፣ ከፀሐይና ከሥጋ ደስታ ጋር እያዛመደ ጻፈ። ዛሬ የሁለቱን ልዩነት የሚያጠኑ ሰዎች ሁሉ ከእርሱ ብዕር ይጀምራሉ።

ታሊዮኒ በ1837 ወደ ሩሲያ፣ ኤልስለርም በ1840 ወደ አሜሪካ ሄዱ። የፓሪስ ኦፔራ ኮከብ አጣ። በዚህ መካከል ካርሎታ ግሪዚ ብቅ አለች። ካርሎታ በ1819 ዛሬ በክሮኤሺያ በሚገኘው የኢስትሪያ ምድር የተወለደች፣ በሚላን የተማረች ወጣት ነበረች። ኔፕልስ ላይ ያገኛት ታላቁ ዳንሰኛ ዡል ፔሮ መምህሯም የሕይወት አጋሯም ሆነ። ጎቲዬ በመጀመሪያ ሲያያት ብዙ አልተደነቀም። በ1841 በኦፔራው መድረክ ላይ ካያት በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠ፤ ለእርሷ የሚሆን ታሪክም መፈለግ ጀመረ።

ታሪኩን ያገኘው በጀርመናዊው ባለቅኔ በሃይንሪሽ ሃይነ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሃይነ የሚያወሳው ከሠርጋቸው በፊት ስለሚሞቱ ልጃገረዶች ነበር፤ ዊሊስ ይባላሉ። ሌሊት ከመቃብር እየተነሡ ያገኙትን ወንድ እስኪሞት ድረስ ያስጨፍሩታል። ጎቲዬ ይህን ሐሳብ በቴአትር ጽሑፍ ለተካነው ለቬርኑዋ ደ ሳን ዦርዥ ነገረው፤ በሦስት ቀን ውስጥም የባሌቱ ጽሑፍ ተዘጋጀ። አዶልፍ አዳም ሙዚቃውን ደረሰ። "ዢዜል" የተባለው ይህ ባሌት በጁን 28 ቀን 1841፣ ካርሎታ 22 ዓመት በሞላት ዕለት ለሕዝብ ታየ።

ዢዜል የገጠር ልጅ ናት። በወይን መልቀሚያ ወራት፣ መንደሩ በደስታ በሚጨፍርበት ጊዜ አንድ መስፍን የገበሬ ልብስ ለብሶ መጥቶ ልቧን ይወስዳል። ሌላ እጮኛ እንዳለው ስታውቅ አእምሮዋ ተናውጦ ትሞታለች። በሁለተኛው ክፍል መስፍኑ በጸጸት ወደ መቃብሯ ይመጣል። ዊሊሶቹ ሊገድሉት ሲከቡት የከዳትን ሰው እየደገፈች፣ አብራው እየጨፈረች ጎሕ እስኪቀድ ታቆየዋለች። እርሱ ይተርፋል፤ እርሷ ወደ መቃብሯ ትመለሳለች። ባሌቱን ዘላቂ ያደረገው ይህ ይቅርታ ነው፤ በክብሩ የከበረው መስፍን ሕይወቱን የሚያገኘው ከናቃት የገጠር ልጅ እጅ ነውና።

በዚህ ታላቅ ሥራ ውስጥ ግን የተዘለለ ሰው አለ። የባሌቱን ዳንስ ያቀናበረው ተብሎ የታወጀው የኦፔራው ባለሙያ ዣን ኮራሊ ነበር። የካርሎታን ዳንስ ያዘጋጀው ፔሮ ግን ስሙ አልተጠቀሰም። ጎቲዬም ቢሆን ከዚህ የዘመኑ አድልዎ ነጻ አልነበረም። ፔሮን ቢያደንቅም ወንድ ዳንሰኞችን በአጠቃላይ አይወድም ነበር፤ በጽሑፉም ደጋግሞ ነቅፏቸዋል። የሴቶቹንም አካል ሠዓሊ ሞዴሉን በሚያይበት ዓይን እየመዘነ ይጽፍ ነበር። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በፓሪስ መድረክ የወንድ ዳንሰኛ ክብር ዝቅ ሲል፣ እንደ እርሱ ያሉ ሐያስያን ብዕር ድርሻ ነበረው።

ጎቲዬ ካርሎታን ዕድሜውን ሁሉ ወደዳት፤ ትዳር ግን አልሆነላቸውም። እርሱ የኖረው ከእህቷ ከዘፋኟ ኤርኔስታ ጋር ሲሆን፣ ዡዲትና ኤስቴል የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችን ወለዱ። ለካርሎታ ደግሞ ሌላ ባሌት ጻፈላት። በ1843 በታየው "ላ ፔሪ" ካርሎታ ከፍ ካለ ስፍራ ዘልላ በአጋሯ በሉሲየን ፔቲፓ ክንድ ላይ ስታርፍ ተመልካቹ ትንፋሹን ይዞ ይመለከት ነበር።

ከመድረኩ ብርሃን ጀርባ የነበረው ኑሮ ግን መራራ ነበር። በኦፔራው የሚማሩት ሕጻናት አብዛኞቹ የድኻ ልጆች ነበሩ፤ በፓሪስ ቋንቋ አይጥ የሚል ቅጽል ተሰጥቷቸው ነበር። ጎቲዬ ስለ እነርሱ ድካምና ጉስቁልና ጽፏል። የጋዝ መብራቱም የሞት አደጋ ነበር። የታሊዮኒ ተማሪ የነበረችው ኤማ ሊቭሪ በኖቬምበር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ በእሳት ተያያዘ። እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት የተነከረ ልብስ በዚያ ዘመን ነበር፤ ጨርቁን ስለሚያደርቅና ስለሚያደበዝዝ ግን አልወደደችውም። ስምንት ወር ተሠቃይታ በ1863 በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። ያ የሚያምር ነጭ ስስ ቀሚስ ለብዙዎች የሞት ልብስ ሆኗል።

ጎቲዬ ራሱም የቀንበሩ ክብደት ይሰማው ነበር። ልጆቹን፣ እህቶቹንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በጋዜጣ ሥራ ነው። ከ1855 ጀምሮ ወደ መንግሥት ጋዜጣ ወደ "ሞኒተር" ተዛወረ። ከሺህ የሚበልጡ መጣጥፎችን ጻፈ። ቅኔ ለመጻፍ የሚሻውን ጊዜ ጋዜጣው እንደበላበት እያሰበ ያዝን ነበር። ሆኖም በ1852 የታተመው የግጥም መድበሉ በባለቅኔዎች ዘንድ ትልቅ ክብር አስገኘለት፤ ሻርል ቦድሌርም በ1857 ያሳተመውን ዝነኛ የግጥም መጽሐፉን ለእርሱ መታሰቢያ አደረገው። የፈረንሳይ አካዳሚ ግን ደጋግሞ ቢያመለክትም በሩን አልከፈተለትም።

ካርሎታ በ1850ዎቹ አጋማሽ ከመድረክ ተሰናብታ በጄኔቫ አቅራቢያ ሳን ዣን በተባለ ስፍራ ተቀመጠች። ጎቲዬ እየተመላለሰ ይጠይቃት ነበር። በዚያ ወዳጅነት ውስጥ ሆኖ ስለ አንድ ወጣትና ከሞት በኋላ ስለምትጎበኘው አፍቃሪ የሚተርክ "ስፒሪት" የተባለ ልብ ወለድ ጻፈ። ሊይዛት ያልቻላትን ሴት በመንፈስ ዓለም መፈለጉን ከ"ዢዜል" ጀምሮ አላቋረጠም። በ1870 የፕሩሲያ ጦር ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ ጎቲዬ ከስዊዘርላንድ ወደ ከተማው ተመልሶ የከበባውን መከራ ከሕዝቡ ጋር ተካፈለ። ጤናው እየደከመ ሄዶም በኦክቶበር 23 ቀን 1872 በኔዪ በልብ ሕመም ዐረፈ። በሞንማርትር መካነ መቃብር ተቀበረ። ካርሎታ ከእርሱ በኋላ ወደ 27 ዓመት ገደማ ኖራ በ1899 አረፈች።

"ዢዜል" በ1868 ከፓሪስ መድረክ ጠፋ። በሩሲያ ግን የሉሲየን ወንድም ማሪየስ ፔቲፓ እየጠበቀው ቆየ፤ በ1910 የሩሲያ ዳንሰኞች ይዘውት ወደ ፓሪስ ተመለሱ። በዚያው ዓመት የጎቲዬ ልጅ ዡዲት የጎንኩር አካዳሚ አባል ሆና የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ባሌቱ ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች መድረኮች ይታያል።

ጎቲዬ የሚመኘው ቅኔ ነበር፤ የጋዜጣውን ሥራ የሚቆጥረው ለእንጀራ ሲል እንደሚሸከመው ሸክም ነበር። የታሊዮኒን አረማመድ፣ የኤልስለርን የወገብ አዟዟር፣ የካርሎታን ዝላይ ለትውልድ ያቆየው ግን ያ በየሳምንቱ በድካም የሚጻፈው የጋዜጣ ጽሑፍ ነው። ዳንሰኞቹ አልፈዋል፤ የሚጨፍሩበት የለፐለቲዬ ጎዳና ኦፔራ ቤትም በ1873 ተቃጥሏል። ሰው ሥራዬ ብሎ የሚኮራበት አንድ ነገር፣ ትውልድ የሚያመሰግነው ደግሞ ሌላ ሊሆን እንደሚችል የጎቲዬ ሕይወት ምስክር ነው።