ነጭ ያለበሰው አለቃ፦ የኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ ሕይወት

ባለፈው ዓመት ለደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ኮርስ በሙያችን ታሪክ ውስጥ ስም ካላቸው ሰዎች ስለ አንዱ እንድንጽፍ ታዘን ነበር። ስሞቹ በዕጣ ነበር የተከፋፈሉት፤ ለእኔ የደረሰኝ ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰውዬውን ሰምቼውም አላውቅ። አሳይመንቱ ገብቶ፣ ታርሞ፣ ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዋሪንግ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1833 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ፓውንድ ሪጅ በምትባል የገጠር መንደር ነው። (ከዚህ በኋላ ስለ እሱ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያን ጊዜ እንደኛ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል የሚባል ነገር የለም። እሱ የተማረው ግብርና ሲሆን አስተማሪው ጄምስ ሜፕስ የተባለ የግብርና ኬሚስትሪ አዋቂ ነበር። ከግብርናውም ልቡን የሳበው ውሃ የተኛበትን መሬት ማጠንፈፍ ነው። በ1857 ሴንትራል ፓርክ ሊሠራ ሲታሰብ ረግረጉን የማጠንፈፉ ሥራ ለዚህ ለ24 ዓመት ወጣት ተሰጠው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ሥራውን ትቶ ዘመተ፤ የፈረሰኛ ጦር ኮሎኔል ሆኖም ተመለሰ። ማዕረጉ ዕድሜውን በሙሉ አብሮት ኖሯል፤ ጠባዩም የጦር ሰው ጠባይ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ኒውፖርት አጠገብ አንድ ሰፊ እርሻ አስተዳደረ። በአፈር ስለሚሸፈን መጸዳጃ ቤትና ስለ ቤት ፍሳሽ የጻፋቸው መጻሕፍትም ተነበቡለት። ስሙ አገር ያወቀው ግን በሜምፊስ ነው። በ1878 ቢጫ ወባ ወደዚያች ከተማ ገብቶ ከ5,000 በላይ ሰው ጨረሰ። ሀብታሙ ሸሸ፣ ዕዳው በረታ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከተማዋ የከተማነት ቻርተሯን እስከ ማጣት ደረሰች። ዋሪንግ በ1880 የቤት ፍሳሽን ከዝናብ ውሃ ለይቶ በቀጭን ቱቦ የሚወስድ መሥመር ዘረጋላት። ቱቦው ስለ ቀጠነ ይደፈን ነበርና በጊዜው የነበሩ መሐንዲሶች ነቅፈውታል። ያም ሆኖ መለያየት የሚባለው ሐሳብ ከዚያ ጀምሮ ከእጁ አልወጣም።

እንግዲህ ወደ ኒው ዮርክ እንምጣ። በ1894 በተደረገው ምርጫ ታማኒ ሆል የተባለው የፖለቲካ ቡድን ተሸንፎ ዊሊያም ስትሮንግ ከንቲባ ሆኑ። የመንገድ ጽዳት መሥሪያ ቤቱን እንዲመራ መጀመሪያ የተጠየቀው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር፤ አልፈልግም አለ። በ1895 መጀመሪያ ቦታው ለዋሪንግ ተሰጠ። ያኔ 61 ዓመቱ ነው፤ ሌላው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ ማለት ነው።

የከተማዋ ሁኔታ የሚያሳፍር ነበር። የፈረስ ፋንድያ፣ አመድና የወጥ ቤት ትራፊ በድሆች ሰፈር መንገድ ላይ ይከመራል። ማታ ማታ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረስ የሌላቸው ጋሪዎች መንገዱን ዘግተው ያድራሉ። የጠራጊነት ሥራ የሚገኘው በሙያ ሳይሆን በካድሬ ነበር (ቃሉን እኔ ነኝ የተዋስኩት)። ለቡድኑ ድምፅ ያመጣ ይቀጠራል፣ ቢሠራም ባይሠራም ደመወዙን ይበላል።

ዋሪንግ ታዲያ ምን አደረገ? ነባሮቹን ሠራተኞች በጅምላ አላባረረም። ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ እንደማይጠይቅ፣ የሚሠራ እንደሚቀር፣ የማይሠራ እንደሚሄድ አሳወቃቸው። ለእያንዳንዱ ጠራጊ ለብቻው የሚጠየቅበትን መንገድ ለይቶ ሰጠው። ከዚያ ነጭ አለበሳቸው። መንገድ ጠራጊን ነጭ ሸራ ልብስና የፀሐይ ቆብ ማልበስ ማለት እንግዲህ አስቡት! ከተማው ሳቀ፤ ጋዜጦች አሾፉ። እሱ ግን ሁለት ነገር አስቦ ነው። አንደኛ፣ ነጭ የለበሰ ሰው በሥራ ሰዓት መጠጥ ቤት ቢገባ ከሩቅ ይታያል። ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ ነጭ የሐኪም ልብስ ነው። ጠራጊው የከተማው ጤና ጠባቂ እንጂ የቆሻሻ ዘመድ አለመሆኑን ሳይናገር አሳየ። በ1896 ሠራተኞቹን ከነጋሪያቸው አሰልፎ በዋናው መንገድ ሲያስኬዳቸው ለመሳቅ የወጣው ሕዝብ አጨብጭቦ ተመለሰ።

ከልብሱ በላይ የገረመኝ ግን ስለ አቤቱታ ያቆመው ሥርዓት ነው። ከየጣቢያውና ከየጋጣው አንድ አንድ ሰው እየተመረጠ 41 አባላት ያሉት የሠራተኞች ኮሚቴ ተቋቋመ። ከእነሱ አምስት፣ ከአስተዳደሩ አምስት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቅሬታ ያያሉ። ከ1,000 በላይ ጠራጊ ባለበት መሥሪያ ቤት ብዙው ጉዳይ እዚያው እየተፈታ ኮሚሽነሩ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ብቻ ሆነ። የሙያ ክብር ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ሥልጠናና ስለ ሰርተፍኬት እናወራለን እኮ። ዋሪንግ ግን የጀመረው ሰውዬው የሚሰማበት ቦታ በመስጠት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ክረምት ላይ ለተግባር ልምምድ አዲስ አበባ ውስጥ ከቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጋር ሁለት ወር ሠርቻለሁ። ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት ሕፃን በር ከፍታ አየችንና ለእናቷ ቆሻሻዎቹ መጥተዋል ብላ ተጣራች። አብረውኝ የነበሩት ሴቶች ለምደውታል፣ ሳቁ። እኔ ግን ለእማዬ ጤና ነው የምማረው እያልኩ ስለ ቆሻሻው ሳልነግራት መቆየቴ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። በዚያው ሳምንት የተሰበረ ብርጭቆ ጓንቴን አልፎ መዳፌን ቆረጠኝ። ምክንያቱም ብርጭቆውም፣ የሽንኩርት ልጣጩም፣ የሕፃን ዳይፐሩም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የሚገባው።

ዋሪንግም የገባው ይኸው ነው። በ1896 እያንዳንዱ ቤት ሦስት ዕቃ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ አንዱ ለአመድ፣ አንዱ ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለወረቀት፣ ለጨርቅ፣ ለጠርሙስና ለመሳሰለው ደረቅ ነገር። ከዚያ በፊት ሁሉም ተደባልቆ በጠፍጣፋ ጀልባ እየተጫነ ባሕር ላይ ይደፋ ነበር፤ ማዕበሉ ደግሞ መልሶ ወደ ኒው ጀርሲና ሎንግ አይላንድ ዳርቻ ያመጣዋል። ጀልባው ላይ ጨርቅና አጥንት የሚለቅሙት በአብዛኛው ድሆች ጣሊያናውያን ስደተኞች ነበሩ። አስለቃሚው ኮንትራክተር ለመልቀም መብቱ ለከተማው ገንዘብ ይከፍላል። ቆሻሻ ገንዘብ መሆኑን ከሁሉም ቀድሞ ያወቀው እንግዲህ የእነሱ ቆራሌው ነው።

ከተለየ በኋላ አመዱ መሬት መሙያ ሆነ፤ ራይከርስ ደሴት ከሰፋችበት አፈር ብዙው ይህ አመድ ነው። የምግብ ትራፊው ባረን አይላንድ ወደሚገኝ ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ በእንፋሎት ተቀቅሎ ይጨመቃል፤ ስቡ ለሳሙና፣ ዝቃጩ ለማዳበሪያ ይሸጣል። (ሽታው የአካባቢውን ሰው አማሮ ነበር፤ ይህም ሊደበቅ አይገባም።) ለደረቁ ደግሞ የመለያ ግቢ ተሠራ። ዋናው ነገር የተለየው ሳይደባለቅ መጨረሻው መድረሱ ነበር። እኛ በልምምዱ ወቅት ጥቂት ቤቶችን አስተምረን እርጥቡንና ደረቁን መለየት ጀምረው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መኪናው መጣና ሁለቱንም አንድ ላይ ገለበጠው። አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው አዩ። በማግስቱ አንድ ማዳበሪያ ብቻ ሰጡን፤ ምንም አላሉም፣ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ያልተለየው ነገር ደግሞ መጨረሻው የት እንደሆነ እናውቃለን። ቆሼ ላይ በባዶ እጁ የሚለየው ሰው አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው።

የኒው ዮርክ መንገዶች በ1893ና በ1895 የተነሱ ፎቶግራፎች አሉ። ያው መንገድ መሆኑን ለማመን ይቸግራል። ከእሱ በፊት በነበሩት ዓመታት በከተማው ከ1,000 ሰው በዓመት ወደ 27 የሚጠጋ ይሞት የነበረ ሲሆን በ1897 መጀመሪያ አጋማሽ ወደ 20 ወርዶ ነበር። መጥረጊያ ብቻውን ያመጣው ነው ባልልም ድርሻ አለው። ሆኖም በ1897 ምርጫ ታማኒ ሆል ተመለሰና ዋሪንግ በ1898 መግቢያ ቦታውን ለቀቀ። ቆሻሻን ባሕር ላይ መድፋቱም ተመልሶ መጣ፤ ለይቶ ያቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፣ እሱም በ1930ዎቹ።

አሁን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር። ዋሪንግ በሽታ የሚመጣው ከበሰበሰ ነገርና ከፍሳሽ ከሚነሳ መጥፎ አየር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የጀርም ሳይንስ በዓይኑ ፊት ሲያድግ እሱ ከዚህ እምነቱ ብዙም አልራቀም። በመከር 1898 መንግሥት የሃቫናን ጽዳት እንዲያጠና ወደ ኩባ ላከው። ቢጫ ወባ የሚራባው ከከተማዋ ቆሻሻ ነው ብሎ ፍሳሿንና መንገዷን መረመረ። በዚያችው ሃቫና ካርሎስ ፊንላይ የተባለ ሐኪም በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ ካሳወቀ 17 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። ዋሪንግ ታሞ ተመለሰ፤ ጥቅምት 29 ቀን 1898 በዚያው በቢጫ ወባ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። 65 ዓመቱ ነበር። በ1900 የዋልተር ሪድ ቡድን ፊንላይ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።

በአሳይመንቴ ይህን አላስገባሁም ነበር። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አንብቤዋለሁ። ግን ያን ቀን በር ላይ ቆሻሻ ከተባልኩ ወዲህ የማሳየው አንድ እንከን የሌለው ሰው ፈልጌ ነበር። መምህራችን ከ20 14 ሰጡኝ፤ ጠርዙ ላይም በቀይ እስክሪብቶ ሰውዬው በምን እንደሞተ ጠየቁ። ይህን ጽሑፍ ሳሳያቸው ውጤቱ እንደማይቀየር ነግረውኝ ለቡለቲኑ እንድሰጠው አዘዙኝ። አንድ ቅጂ ለእማዬ ልኬላታለሁ።